አንዴ ብቻ

«ጥያቄ ሁለት» አለ መምህሩ፣ በወንበሮቹ መካከል እየተንጎራደደ። «አራት ሜትር ርዝመት ያለው አግዳሚ ቢም በሁለት ኮለን ላይ አርፏል። መሐሉ ላይ ሁለት ቶን ጭነት ቢጫንበት፣ ዋናው ፌሮ...»

አርባ ሁለት ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። መምህሩ ፈተናን በወረቀት አባዝቶ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥያቄውን ከደብተሩ እያነበበ ያስጽፋል፣ የሚያነበውም አንድ ጊዜ ነው። ያመለጠው ተማሪ እጁን ቢያወጣ መልሱ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ነው። ግንባታ ቦታ ላይ መሐንዲስ ትእዛዝ ሲሰጥ ሁለቴ አይናገርም ይላል፤ እንዲህ ያለውን መሐንዲስ የት አየኸው ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ተማሪዎቹ «አንዴ ብቻ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ ተነሣች። ዘንድሮ ከሌላ ኮሌጅ ተዛውራ የመጣች ናት። ወረቀት ይዛ መጥታ ፊቱ ተገተረች።

«ተቀመጪ! ፈተና ላይ እኮ ነን።»

«መምህር፣ ጆሮዬ አይሰማም» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ከፍ ብሏል። «እኔ የማነበው ከከንፈር ነው። እርስዎ ደግሞ ጀርባዎን ሰጥተውኝ ነው የሚናገሩት። ሲዞሩም ጢምዎ ይጋርደኛል።»

ክፍሉ አውካካ። መምህሩ ሳያስበው ጢሙን ዳሰሰ።

ወረቀቱ ከዲኑ ቢሮ የተጻፈ ነው፤ ጥያቄ በጽሑፍ ይሰጣት ይላል። የእሱ ቅጂ ሳምንቱን ሙሉ ሳይገለጥ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከርሟል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ነገ አነበዋለሁ ነገ አነበዋለሁ ሲል ነው። አሁን ማባዣ ክፍል ደርሶ ለመመለስ ጊዜ የለም።

«በይ እሺ፣ ላንቺ ስል ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ» አለ ተናዶ። ወደ ክፍሉ ዞረና «ለእናንተማ ዛሬ ሠርግና ምላሽ ሆነላችሁ!» አላቸው።

ጠመኔ አንሥቶ አምስቱንም ጥያቄ ከላይ እስከ ታች ጻፈ። እጁን አራግፎ ሲዞር የሚሠራው አጣ። ፈተና ላይ አፉን ዘግቶ ቆሞ አያውቅም።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሌላ ጊዜ «ምን አለ? ስንት ሜትር አለ?» የሚለው ሹክሹክታ ዛሬ የለም። አንዱ የመጀመሪያውን ዘሎ ከአራተኛው ጀምሯል። አንዷ ሦስተኛውን ደጋግማ አንብባ የጻፈችውን ሰረዘች። ልጅቷ ቀና ትላለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ሥራ ፈት ማየት አይቸግረውምና መምህሩ ተማሪዎቹን ያያቸው ጀመር።

ዓይኑ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከተቀመጠው ጎልማሳ ተማሪ፣ ከፎርማኑ ጋ አረፈ። በዕድሜ ስለሚቀራረቡ ሁለቱ «እርስዎ» ይባባላሉ፤ መምህሩ እርስዎ እያለ ሁለት ዓመት አከታትሎ ጥሎታል። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሕንፃ ሲያቆም የኖረ ነው። አሁን መሥሪያ ቤቱ ዲፕሎማ የሌለው ሠራተኛ አይመራም ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። ለዲፕሎማው የቀረው ይህ አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ኮሌጁ ደግሞ ከሦስት ጊዜ በላይ አያስፈትንም። ዛሬ ሦስተኛው ነው።

ጣቶቹ ወፋፍራም፣ በሲሚንቶ የተበሉ ናቸው። እስክርቢቶውን እንደ መዶሻ እጀታ ጨብጦ፣ አንዷን ፊደል በደንብ ሳይጨርስ ወደ ሌላዋ አይሄድም። ሰሌዳውን ያያል፤ አንድ ቃል ይጽፋል፤ ደግሞ ያያል። ከዚያ እስክርቢቶውን አስቀመጠና ግራ መዳፉን እንደ ቢሙ አየር ላይ ዘረጋ፤ በቀኝ ጣቱ መሐሉን ጫን ጫን እያደረገ በየት በኩል እንደሚለጠጥ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው። ዓይኑን ገልጦ መሣል ጀመረ።

መምህሩ ተጠግቶ በትከሻው ላይ አሻግሮ አየ። የፌሮው ብረት ከታች በኩል፣ መግባት ያለበት ቦታ ገብቷል። ስሌቱ ልክ ነው። የሦስተኛውም ልክ ነው። ካቻምና የዚሁ ሰው ወረቀት ላይ ያየው ትዝ አለው፤ «አራት ሜትር ርዝመት ያ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። እሱም በቀይ እስክርቢቶ «አላጠኑም» ብሎ፣ በአክብሮት፣ ጽፎበት ነበር። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም።

ሰዓቱ ሞላ። ተማሪው ወረቀቱን እየጣለ ወጣ፤ ፎርማኑ መጨረሻ መጣና ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀበለው።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህር» አለ ፈገግ ብሎ። «ዘንድሮስ ጥያቄውን አቅልለው አንጀቴን ቅቤ አጠጡት።»

መምህሩ ምስጋናውን ተቀብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ደብተሩ የራሱ ነው፤ ውስጡ ያሉትን ሁለት ፈተናዎች በየዓመቱ እንደሚያፈራርቃቸው ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም።

«አላቀለልኩትም» አለ። «ካቻምና የፈተንኩዎት ራሱ ነው። አንድ ቃል አልተነካም።»

ፎርማኑ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ከላይ ጀምሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ሳይቸኩል እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ይሄን ነበር እንዴ ያሉት?» አለ።