ፊልሙ ሳይመጣ

ስለ ዘንዶዎችና ስለ ጠፋ ዙፋን የሚተርከው ባለ አራት ቅጽ ልቦለድ ፊልም ሆኖ ሊመጣ ነው። አስካለ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንኳ ትዝ እንዲለው ብላ መጽሐፉን ለባሏ እንደ አዲስ ታነብለት ጀመረች። ጠዋት የሰማውን ከሰዓት ይረሳዋል። እሷም ጉሮሮዋ እየደረቀ፣ ተስፋዋ እየመነመነ፣ ያንኑ ምዕራፍ ትደግምለታለች።

ዛሬ ጀግናው የሞተበት ቦታ ሲደርሱ ሽማግሌው ባሏ እጇን ጭብጥ አድርጎ ይዞ አለቀሰ።

«ይህን የጻፈ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው» አላት።

በሌላው እጇ መጽሐፉን ገልብጣ የጀርባ ሽፋኑን አሳየችው። ከደራሲው ስም በላይ የሽማግሌው የገዛ ራሱ የጎልማሳነት ፎቶግራፍ አለ።

«ታውቀዋለህ?» አለችው።

ትክ ብሎ አየው።

«አላውቀውም። አንቺስ ታውቂዋለሽ?»

«ባሌ ነው።»

ሽማግሌው እጇን ቀስ ብሎ ለቀቀ።