እናቴ ታማለች

ሰውየው ለልጁ ክርስትና በሬ የጣለው በብድር ነበር። በሬው በአንድ ቀን አለቀ፤ ብድሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲወልድ ከርሞ የቤት ኪራዩንም የመብራቱንም በላ። ሲጨንቀው እቁብተኞቹ ፊት ቆሞ፣ «እናቴ ታማብኛለች፤ ማሳከሚያ የለኝም» ብሎ ዋሸ። የዕለቱ እጣ የወጣላቸው ቆሎ ሻጯ ወይዘሮ ዘርፌ ዕንባቸውን ጠርገው፣ «በል ውሰደው፤ ያንተ ሲወጣ እወስዳለሁ» አሉት። ገንዘቡን እንዳለ ለአበዳሪው አስረከበ።

በሳምንቱ እሑድ እቁብተኞቹ ቤቱ ከች አሉ። «በል ምራን፣ እናትህን እንጠይቃቸው!»

የታመመ ሊጠየቅ ነውና እንዴት ብሎ ይከልክል? እየመራቸው ሄደ። ብርቱካኑን የያዙት ወይዘሮ ዘርፌ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ማየት ከበደው። የእቁቡ ዳኛ ገና ከእናቱ አጥር ሳይገቡ፣ «የታመሙትን ልንጠይቅ መጣን!» ብለው ተጣሩ።

እናቱ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። ስታቃስት ወይዘሮ ዘርፌ ግንባሯን እየዳበሱ አለቀሱ። እሱ አንገቱን ደፋ። ከልጅነቱ ጀምሮ ገበናውን የምትሸፍን እናት፣ ዛሬም የዳኛውን ድምፅ ሰምታ ደረሰችለት።

እንግዶቹ እንደወጡ በሩን ዘግቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ሄደዋል፣ ተነሽ።»

አልተነሳችም።

«ማን ነገራቸው ልጄ?» አለች በደከመ ድምፅ። «ዕዳህ ላይ ዕዳ እንዳልሆንብህ ብዬ፣ ካንተ እንኳ ደብቄው ነበር።»