ሁለተኛ ስም

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በኢንዶኔዥያዋ ከተማ ሱራባያ፣ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት አራተኛ ፎቅ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ፈታኙ ጋሽ ሃርጆኖና ባልደረባው ሬትኖ ተቀምጠዋል። ለሥራ የምትፈተነው ሱማርኒ ማርከር ይዛ ነጭ ሰሌዳው ፊት ቆማለች።

ጥያቄው በወረቀት ተሰጥቷታል፤ የሃያ ሠራተኞችን ስም ዝርዝር በቤተሰብ ስም፣ በፊደል ተራ ደርድሪ። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚደረድርበት ዝግጁ ትእዛዝ አለ፤ እሱን መጠቀም ግን ክልክል ነው። አደራደሩን ከባዶ መጻፍ አለባት።

የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሚሠራበትን ፕሮግራም ሦስት ዓመት ብቻዋን ስትጠግን ኖራለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን ጽፋ አታውቅም። ባለፈው ወር ሁለት ቦታ የወደቀችውም በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ዛሬ ከወደቀች ወደ ትውልድ ከተማዋ ብሊታር ተመልሳ በአጎቷ የሴራሚክ መደብር ሻጭ ልትሆን ቃል ገብታለች።

ሦስት መስመር ጻፈች። አጠፋች። ደግማ ጻፈች።

«ኧረ ተንፈስ በይ! ላብሽ ሰሌዳውን ሊያጥበው ነው» አለች ሬትኖ።

ሱማርኒ ፋታ ለማግኘት ብላ ዝርዝሩን ከላይ ጀምራ አነበበች። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሳታስበው ሳቀች።

«ምን ያስቃል?» አለ ጋሽ ሃርጆኖ።

«ይቅርታ ጋሼ። ሰባተኛው ሰውዬ የቤተሰብ ስም የለውም።»

«እንዴት የለውም? ሁለት ስም ተጽፎ የለም እንዴ?»

«አንዱ ስም ነው ሁለቴ የተጻፈው። ፎርሙ ባዶ ቦታ አልቀበልም ሲላት፣ መዝጋቢዋ የራሱን ስም ደገመችበት። እኛ ክሊኒክ እንዲህ የተጻፉ አራት መቶ ታካሚዎች ነበሩን። እኔም ሱማርኒ ብቻ ነኝ፤ እናቴም ባለ አንድ ስም ናት። በቤተሰብ ስም ከተደረደረ እኛን የት ላስገባ?»

ሬትኖ አፏን በእጇ ያዘች። ሱማርኒ የጋሽ ሃርጆኖን ደረት ያየችው ያን ጊዜ ነው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ «ሃርጆኖ ሃርጆኖ» ይላል።

ሰውየው መታወቂያውን አንስቶ እንደ አዲስ ነገር አነበበው።

«ዘጠኝ ዓመት ተሸክሜዋለሁ» አለ። «ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው አቀረብነው?»

«መቶ ይሆናሉ። ሁሉም በቃላቸው ይወጡታል። ይህን የጠየቀ ግን የለም» አለች ሬትኖ።

«አንቺስ፣ እዚህ ከገባሽ ወዲህ ዝግጁውን ትእዛዝ ትተሽ ከባዶ የጻፍሽበት ቀን አለ?»

«አንድ ቀን። እርስዎ የፈተኑኝ ለታ።»

ጋሽ ሃርጆኖ አልሳቀም። ወንበሩን ወደ ሰሌዳው ሳበ።

«እሺ፣ ሱማርኒ ብቻ» አለ። «የት ታስገቢናለሽ?»

መጻፍ ጀመረች። በዚህ ጊዜ አላጠፋችም።

አደራደሩን ሳትጨርሰው ሰዓቱ አለቀ፤ በውጤት ወረቀቷ ላይም «አልጨረሰችም» ተብሎ ተጻፈ። በቀጣዩ ሰኞ ግን እዚያው ሥራ ጀመረች። የተሰጣት መታወቂያ «ሱማርኒ ሱማርኒ» ይላል።