ሁለት ጨዋ ፓይለቶች

የበረራ ተቆጣጣሪዋ በማማው ላይ ከንጋት ጀምራ አውሮፕላን ስታወርድ ስትሰድ ዓይኗ ቀልቷል። አሁን ደግሞ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ፣ ለማረፍ ይዞራሉ። ማኮብኮቢያው አንድ ነው።

«ጋሽ አያልነህ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል ወጣቱ ፓይለት በሬዲዮ።

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ግባ!»

«በፍጹም! አስተማሪዬን ልቅደም?»

«ነዳጃችሁ እያለቀ እኮ ነው!» አለች። ማን ሰምቷት፤ ይግደረደራሉ።

መረራት። «በቃ፣ አንዳችሁ ግቡ!»

ሁለቱም በየፊናቸው ታዘዙ። ቀና ስትል ሁለቱም ፊት ለፊት ወደ ማኮብኮቢያው እየወረዱ ነው። ማይኩን አነቀችው። «ወደ ላይ! ሁለታችሁም ወደ ላይ!»

ሬዲዮው አንድ ሰው ሲያወራበት የሌላውን ድምፅ አያሳልፍም። ጋሽ አያልነህ ደግሞ ወጣቱን እየመረቁበት ነበር።

«እደግ ልጄ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ...»