ስምንተኛው አንጓ

«እስቲ እንደገና ቁጠሪው» አሉ አለቃዋ፣ በሩን እንደያዙ።

ቆጠረች። አራተኛ ጊዜዋ ነው። ማይክሮስኮፑ ሥር በዓይን የማትሞላ አንዲት ትሪፕስ፣ የቃሪያ አበባ እየመጠጠች የምታደርቅ ተባይ፣ መስታወቷ ላይ ተዘርግታለች። ከግንባሯ ጀምራ የአንቴናዋን አንጓዎች አንድ በአንድ ወጣች። አገሩ የሚያውቃት የሽንኩርቷ ትሪፕስ ሰባት ነው ያላት፤ ስምንት ያላት ሌላ ዝርያ ናት።

«ስምንት» አለች።

አለቃዋ መጥተው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። «ናሙናው ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ናሙና ሲበላሽ አንጓ ይጎድለዋል እንጂ ይጨምራል እንዴ፣ ዶክተር?»

«ልጄ፣ ይቺ ዝርያ እዚህ የለችም።» ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሥርጭት ካርታ ጠቆሙ። ሃያ ዓመት የለፉበት ነው። ዝርያዋ የተገኘችበት ሁሉ ቀይ ነጥብ አለው፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው ቆላ ግን እንዳለ ነጭ ነው።

«ነጭ የሆነው ስለሌለች ነው፣ ወይስ ሄዶ ያየ ስለሌለ?»

ጥግ ላይ፣ ናሙናው የወጣበትን የአበባ ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያው ቆላ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ ነው የመጣችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃሪያዋ ሲጠወልግ፣ የመጣው ባለሙያ ሁሉ አበባውን ሳያይ ውሃ አሳንሰሽ ነው እያለ ይመለሳል።

«እንግዲያው ሦስት ዓመት የበላችኝ የሌለች ነገር ናት?» አለች።

አለቃዋ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «እናታችን፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አለች ብለን ከጻፍን ከዚያ ቀበሌ አንድ ችግኝ እንዳይወጣ ይታገዳል። እርስዎም ችግኝ ሻጭ ነዎት አሉ። መጀመሪያ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።»

ልጅቱ ብዕሯን አስቀመጠች። ይህን አላሰበችውም ነበር። ዞራ እናቷን አየቻት።

እናቷ አጎንብሳ የፌስታሉን አፍ ቋጠረች። «አምና ለእህቴ ሁለት መቶ ችግኝ ሰጠኋት» አለች። «ዘንድሮ የእሷም ደረቀ። ማሳዬን አበላሸሽብኝ ብላ ተቀየመችኝ። ለካ እኔው ነኝ ተባዩን ይዤላት የሄድኩት።» ቀና አለች። «ጻፊው።»

«እኔ አልፈርምበትም» አሉ አለቃዋ።

«የናሙና መለያ የፊርማ ቦታ የለውም፣ ዶክተር።»

ጣት የምታህለውን የመለያ ወረቀት ሳበችና በጥቁር ቀለም ጻፈች፤ የዝርያዋን ስም፣ ተክሉን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን። አንድ መስመር ቀረ፤ የናሙናው ሰብሳቢ።

«እዚያ ላይ የሚገባው የባለሙያ ስም ነው» አሉ አለቃዋ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ» አለችና ወደ ጥጉ ዞረች። «እማ፣ ስምሽን እስከ አያት ንገሪኝ።»

እናቷ ፌስታሉን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሣች። ችሎት ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብላ ቆመችና፣ እያንዳንዱን ስም ለየብቻ እየረገጠች መናገር ጀመረች።