የደጃፉ ክር

«ይህ የምነግርሽ ጥርት ያለ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው» አላት፣ ልትወስደው ከደሴ የመጣችውን ታናሽ እህቱን። ብቻውን መኖሩ አሳስቧታል። እሱ ደግሞ ሰው ከሚያዝንለት ሞቱን ይመርጣል።

ከውጭ በር እስከ ሳሎኑ የቀበረውን የመስታወት ክር አሳያት። ኤርቢየም የሚባል ብርቅ ማዕድንና ብር የተቀላቀለበት፣ ከሚሠራበት ቤተ ሙከራ የተረፈ ክር ነው። ሰው መንገዱን ሲረግጥ ይሰማውና ሳሎን ያለው ጫፉ አረንጓዴ ይበራል።

«ጉንዳን ቢያልፍ ወንድ ይሁን ሴት ይለያል። ማታ ማታማ ከእንግዳ ብዛት ሲበራ ሲጠፋ የሠርግ ቤት ነው የሚመስለው።»

«ማን ማን ነው የሚመጣው፣ ጋሽዬ?»

«ማን የማይመጣ አለ? እትዬ አልጋነሽን ጠይቂያቸው፤ መስኮታቸው ወደ ግቢዬ ነው የሚያየው።»

ጎረቤቲቱ ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«መብራቱስ እውነት ነው፤ ማታ ማታ ሲበራ አያለሁ» አሉ።

እሱ ደረቱን ነፋ።

እሳቸው ወደ እህትየው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ልጄ፣ የሚረግጠው እሱ ራሱ ነው። እስከ በሩ ይሄድና ከፍቶ ‹ግቡ፣ ግቡ› ይላል፤ ከዚያ ብቻውን ይመለሳል።»