የሚሻላትን ማን ያውቃል

«መሮጫው ይሻላል አልኩሽ እኮ! ቶሎ ስለሚያልቅ በሩም ቶሎ ይከፈትላታል» አለ ታፈሰ።

«ጉልበቷን ልትጨርሰው ነው እንዴ?» ጮኸችበት እህቱ ብርነሽ። «ብስክሌቱ ይሁን፤ ቁጭ ብላ ትሠራለች።»

«በዚያች መቀመጫ ላይ? ግማሽ ጎኗን እንኳ አትችልም!»

የታፈሰ ሚስት ውድነሽ ሶፋው ላይ ሆና ሁለቱንም በንዴት ታያቸዋለች። አዲሱ የክብደት ደንብ ከወጣ ወዲህ፣ ኪሎው ከተወሰነው ያለፈ ሰው የዕለቱን የስፖርት እንቅስቃሴ ከበሩ ጋር በተገናኘ መሣሪያ ካልጨረሰ ለመውጣት የገዛ ቤቱ በር አይከፈትለትም። ትናንት በአሮጌው መሮጫ ላይ ጉልበቷ አብጦ ስላቋረጠች፣ የጎረቤቷን የአስካለን አስከሬን በመስኮት ሸኘች። ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ለቅሶ ቤት ካልደረሰች በምን ዓይኗ የአስካለን ልጆች ታያለች?

«በእጅ የሚሽከረከረው ይሻለኛል ብያችኋለሁ» አለች፣ የስፖርት መሣሪያ ሻጩ ከመሮጫውና ከብስክሌቱ ጋር ለሙከራ የተወውን ትንሽ ፔዳል እያሳየች።

«እሱ የሽማግሌ ነው» አለ ታፈሰ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት። «ደግሞ ዝም በይ እስቲ፤ ለአንቺው ብለን አይደል የምንጨቃጨቀው!»

ውድነሽ ጥርሷን ነክሳ ፔዳሉን ጠረጴዛው ላይ አወጣችና በሁለት እጇ ታሽከረክረው ጀመር። ላቡ በአንገቷ ወረደ፤ ጉልበቷ ግን አልተነካም። እነሱ ስለ መቀመጫው ስፋት ሲሰዳደቡ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወጣች።

«የሚሻላትን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» ይላል ታፈሰ ከኋላዋ።